የእናቴ ነጯ ኪኒን

ይህን ነገር ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም። ለባሌ አልነገርሁም። ለንስሐ አባቴም አልነገርሁም፤ ሁለት ጊዜ ልነግራቸው ሄጄ፣ ሁለቱንም ጊዜ ሌላ ትንሽ ኃጢአት ተናግሬ ተመልሻለሁ። ቄሱ የእናቴም የንስሐ አባት ናቸው። ብነግራቸው "ሂጂና ለእናትሽ ንገሪያት" እንደሚሉኝ አውቃለሁ። የፈራሁት እሱን ነው።

ስለዚህ ለእናንተ ልናገር፣ ለማታውቁኝ። እኔ ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም። ትምህርቴም ስድስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። መጻፍ ግን እችላለሁ፤ ስጽፍ ደግሞ ማንም ዓይን ዓይኔን አያየኝም። የሰዎቹን ስም ቀይሬአለሁ። ሥራዬን ግን አልቀየርሁም።

ያደረግሁትን ከፊት ላስቀምጠው፣ ዙሪያውን ስዞር እንዳላመልጥ። እናቴን ክፉ የፊት ሕመም ያማት ነበር። ያን ሕመም የሚያቆምላት ኪኒን ተገኘላት። እኔ ልጇ ኪኒኑን ደብቄ በምትኩ የማይረባትን ሰጠኋት። እያወቅሁ። ሦስት ወር ሙሉ፣ ጧትና ማታ፣ በገዛ እጄ።

ቤታችን ደባርቅ ዳር፣ ወደ ሊማሊሞ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ከገደሉ ሽቅብ የሚመጣው ነፋስ ሳያንኳኳ ይገባል። አባቴ ከሞተ ጀምሮ እኔና እማዬ ብቻ ነበርን። እማዬ ጥጥ ፈታይ ናት፤ ሰው እትዬ ጠጄ ይላታል። ጨዋታ ትወዳለች፤ ለማታውቀው መንገደኛም የሆዷን ታወራለች። እኔ በእሷ አልወጣሁም። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የምገባ ነኝ። ስሜ ሙሉ ነው፤ እማዬ "ይቺ ሙሉ የእሷንም ምላስ ለእኔ ትታልኝ ነው የተወለደችው" ትል ነበር።

ሕመሙ የጀመራት አንድ ጧት ፊቷን ስትታጠብ ነው። ውሃው ቀኝ ጉንጯን ሲነካው ጮኸች። ጊንጥ የነደፋት መስሎኝ ሮጬ ወጣሁ። ምንም የለም። እብጠት የለም፣ ቁስል የለም። ትንሽ ቆይቶ ለቀቃት፤ ከዚያ ተመለሰ።

"ምን እንደሚመስል ልንገርሽ?" አለችኝ ኋላ። "ጭነት መኪና ሊማሊሞ ላይ ፍሬኑ ተበጥሶ ሲወርድ አስቢ። ከጆሮዬ ሥር ይነሣና አገጬ ላይ ሄዶ ይጋጫል።"

የሚቆየው ጥቂት ነው፤ እስከ ሃያ ብትቆጥሩ ያልፋል። ግን በቀን ስንት ጊዜ ይመላለሳል! ነፋስ ይቀሰቅሰዋል። ማኘክ ይቀሰቅሰዋል። ማውራት፣ ያቺ ወሬ የምትወድ ሴት፣ ማውራት ይቀሰቅስባት ጀመር። የነጠላዋ ጫፍ እንኳ ጉንጯን ሲነካት ትዘል ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ጥጥ ስትፈትል የኖረች ሴት የገዛ ፈትሏን ፈራችው።

ሁሉም የመሰለውን አዘዘላት። ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ተጨመቀላት። ጥርስ ነው ተብሎ ሁለት መንጋጋ ጥርሷን አስነቀለች፤ ሁለቱም ደህና ነበሩ። መርፌም ተወጋች። ፓራሲታሞል ከሱቅ እየገዛሁ አመጣላት ነበር፤ ትውጠዋለች፣ ግን ውሃ ብቻ እንደ መጠጣት ነበር። ይህን እንድታስታውሱልኝ እፈልጋለሁ። ፓራሲታሞል ለእናቴ ሕመም ከውሃ እንደማይበልጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ሳላውቅ አደረግሁት ብዬ የምሸሽበት በር የለኝም።

በመጨረሻ ጎንደር ወሰድኋት። ሐኪሙ ወጣት ነበር፣ ቀጭን፣ ሰው ሲናገር የሚያዳምጥ። ቁራጭ ጥጥ ይዞ ግንባሯን ነካ፣ ከዚያ ግራ ጉንጯን። ወደ ቀኙ ሲመጣ እማዬ ገና ሳይደርስ እጁን ጥርቅም አድርጋ ያዘችው።

"በቃ እናቴ፣ ገባኝ" አላት። "ጥርስዎ አይደለም። የፊትዎ ነርቭ ነው።"

"ታዲያ ጥርሶቼ ምን አጥፍተው ተነቀሉ?"

ሳቀ። ከዚያ ወንበሩን ወደ እኔ አዙሮ ቀስ እያለ አስረዳኝ። እስከ ዛሬ ስትውጣቸው የነበሩት ማስታገሻዎች ለቁስልና ለእብጠት የሚሆኑ ናቸው፤ ይህ ሕመም ጋ አይደርሱም። ነርቩ ማንም ሳይነካው የሚጮህ ነውና ነርቭ የሚያረጋጋ መድኃኒት ነው የሚያሻት። መጀመሪያ ካርባማዜፒን የሚባለውን ትሞክራለች። እሱ ካልተስማማት ጋባፔንቲን የሚሉት አለ፤ በየቦታው ግን አይገኝም። ማታ ማታ የሚወሰድ አሚትሪፕቲሊን የሚባልም አለ፤ ለድብርት የሚሰጥ ነው፣ ለነርቭ ሕመምም ይሆናል። "አንዱ እምቢ ቢል ሌላው አለ" አለን። "ዋናው መታገሥና አለማቋረጥ ነው።"

በግማሽ ኪኒን ትጀምራለች፣ ቀስ በቀስ ይጨመርላታል። መጀመሪያ ላይ ያዞራታል፣ ያንቀላፋታል። ሰውነቷ ላይ ሽፍታ ከወጣ በዚያው ቀን መምጣት አለባት። ደሟም ይታያል። ይህን ሁሉ ነግሮኝ ሲያበቃ ጣቱን አነሣ፣ ልክ እንደ አስተማሪ።

"አንድ ነገር አደራ። በድንገት እንዳታቆሚባት። ቢሻላትም እንኳ።"

ራሴን ነቀነቅሁ። ከአፌ ቃል ሳይወጣ አደራውን ተቀበልሁ።

ልንወጣ ስንል አንድ ነገር ጨመረ። "ይህ ኪኒን ለሚጥል በሽታም ይሰጣል። ሰው ቢላችሁ አትደንግጡ። የእርስዎ የሚጥል አይደለም።"

"ይሻለኝ እንጂ ለበቅሎም ይሰጥ!" አለች እማዬ።

እሷ ያን ቃል እዚያው ጥላው ወጣች። እኔ ይዤው ወጣሁ።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ነው። ጓዳ ሆኜ የሆነ ድምፅ ሰማሁ፤ ቀርጨጭ፣ ቀርጨጭ የሚል። ብቅ ስል እማዬ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ የገብስ ቆሎ ትበላለች። በቀኝ ጉንጯ። እንባዋ እየወረደ።

"ስሚ! ስሚማ ሲሰበር!" አለችኝ።

ከዚያ ቀን ወዲያ ኪኒኗን "ነጯ" ብላ ስም አወጣችላት። ሁለት ሦስት ፍሬ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ትዞራለች። ለውሃ ቀጂ፣ ለማኅበርተኛ፣ ለነጋዴ፣ ላገኘችው ሁሉ ቋጠሮውን እየፈታች፣ "ይቺን አያችኋት? ፊቴን የመለሰችልኝ ይቺ ናት!" ትላለች። እኔ አጠገቧ ቆሜ መሬት መሬት አያለሁ። አንዱ ሰው ስሟን ቢጠይቅስ? አንዱ አዋቂ "ይቺማ የሚጥል በሽታ ኪኒን ናት" ቢልስ?

መድኃኒቱን በየወሩ የማመጣው እኔ ነበርሁ። አንድ ወር ደባርቅ ጠፋና ዳባት መድኃኒት ቤት ሄድሁ። ሰልፉ ረጅም ነው። ወረፋዬ ደርሶ ወረቀቴን በመስኮቱ አሳለፍሁ። ሰውዬው ሥራ በዝቶበት ቀና እንኳ ሳይል፣ ሁሉም እየሰማ፣ "ለሚጥል ነው?" አለኝ።

አይደለም ማለት ነበረብኝ። ለፊት ነርቭ ነው። ሦስት ቃል። ከኋላዬ ያለው ሰው ሁሉ ጀርባዬን ሲያየኝ ተሰማኝ። ኪኒኑን ብቻ ይስጠኝና ልሂድ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። አዎ አልሁ ማለት ነው።

ዘወር ስል ከኋላዬ የቆሙ አንዲት ረጅም ሴት፣ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው፣ ትክ ብለው ያዩኛል።

"የማን ልጅ ነሽ አንቺ?"

"የ… የእትዬ ጠጄ። ከደባርቅ።"

"ለማን ነው መድኃኒቱ?"

"ለእናቴ።"

ሌላ እንዳይጠይቁኝ እየሮጥሁ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ።

ሦስት ሳምንት አልሞላም፣ ለእኔ ሽማግሌ መጣ። ልጁ አዲሱ ይባላል፤ ከዳባት በታች ካለ መንደር፣ የገበሬ ልጅ። በገበያ ቀን አይቼዋለሁ። አንድ ቀን ሲያየኝ ዓይኑን ቀድሞ የሰበረው እሱ ነበር። እንደኔ የሚያፍር ወንድ አይቼ ስለማላውቅ ወደድሁት። ይህንንም አልደብቅም። የሠራሁትን የሠራሁት ወድጄ ነው፣ ሰው አስገድዶኝ አይደለም።

በእኛ ዘንድ ልጅ ሳይሰጥ ዘር ይጠየቃል። ቁምጥና አለባቸው ወይ? እብደት አለ ወይ? የሚጥል? አንድ ሰው በሹክሹክታ "አዎ" ካለ ሽማግሌዎቹ ደግመው አይመጡም፤ ለምን እንደቀሩም አይነግሩም። ልጅቱ ደጅ ደጁን እያየች ታረጃለች። እኔ ይህን እያሰብሁ እንቅልፍ አጣሁ። ለእማዬ "ስለ ኪኒንሽ ለሰው አትናገሪ" ማለት ብቻ አይበቃም ነበር? ለምን አላልኋትም? "ለምን?" ብትለኝ "አፍሬብሽ ነው" ልላት ነው። እሱን ከአፌ ማውጣት አልቻልሁም። በእጄ ማድረግ ግን ቻልሁ። የዓይን አፋር ሰው ክፋት እንዲህ ነው፤ ድምፅ የለውም።

በአንዱ የገበያ ቀን አንዲት ሴት ጥጥ ላስፈትል ብለው ቤታችን መጡ። የአዲሱ እናት ናቸው፣ እትዬ አንጓች። ጥጡ ሰበብ ነው፤ ቤቱንና ልጅቱን ሊያዩ ነው። ጠላ ይዤ ከጓዳ ስወጣ ነጠላቸውን ከራሳቸው ላይ ገለጥ አደረጉ። ዳባት ከኋላዬ ቆመው የነበሩት ረጅም ሴት ናቸው!

 እሳቸውም አወቁኝ። እማዬ ደግሞ ጨዋታዋን ጀምራለች።

"ዓመት ሙሉ እኮ ሰው አልነበርሁም፣ እትዬ አንጓች። ይቺ ባትኖርልኝ…" ብላ እጇን ወደ ነጠላዋ ቋጠሮ ሰደደች።

"እማዬ!"

"ምን ሆንሽ?"

"ጠላው… ሊፈስ ነው።"

"ይፍሰስ! ነጯን ላሳያቸው ነው።"

እትዬ አንጓች ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አላነሡም። "ነጯ ምንድን ናት?" አሉ።

"ፓራሲታሞል ናት" አልሁ። "ለራስ ምታት።"

እማዬ ሳቀች። "ኧረ ይቺ ልጅ ዛሬ አፍ አወጣች! እንግዳ ፊት ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። አንቱ ገድ አለዎት።" ቋጠሮውን ፈትታ ኪኒኗን መዳፏ ላይ አድርጋ አሳየቻቸው። ሴትዮዋ ጎንበስ ብለው አዩ። ብዙ አዩ። 

"መልካም ናት" አሉ በመጨረሻ። "እግዜር ጨርሶ ይማርዎት።" ሲወጡ በር ላይ ቆም ብለው ወደ እኔ ዞሩ። "ልጅቱ ደግሞ አፏን የምትጠብቅ ናት።"

ያን ቃል እንደ ዛቻ ሰማሁት።

በማግስቱ፣ ዳግም መጥተው ቢያዩ ያልሁት እንዲሆን፣ ሱቅ ሄጄ ፓራሲታሞል ገዛሁ። እያንዳንዷን ፍሬ ከላስቲኳ አውጥቼ የእማዬ ኪኒን በነበረበት የወረቀት ከረጢት ውስጥ ጨመርኋት። እውነተኛዎቹን፣ በነጠላዋ ጫፍ የነበሩትን ሳይቀር፣ በፌስታል ጠቅልዬ ከቤታችን ጀርባ ካለው የድንጋይ ካብ ውስጥ ወተፍኋቸው። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ይህንንም ልናገር፤ አልተንቀጠቀጠም።

"ሐኪሙ ደውሎ ነበር" አልኋት። "ኪኒንሽን ቀይሮልሻል።"

አንዷን በጣቶቿ መሐል አገላብጣ አየቻት። "ምነው ነጯ ወፈረች?"

"አዲስ ናት። ከፊተኛዋ ትበልጣለች።"

"እሰይ! እኔ ስወፍር እሷም ትወፍራለቻ።" ዋጠቻት። "እጅሽ ይባረክ ልጄ" አለችኝ።

ለአሥራ አምስት ቀን ብቻ ነው ብዬ ነበር፣ ሽማግሌዎቹ ቃል እስኪጨርሱ። ለማን ነበር እንዲህ የምለው? ለራሴ ነዋ። ለሌላ ለማን እነግራለሁ?

በሦስተኛው ቀን ተመለሰባት። ጥጥ እየፈተለች ሳለ እንዝርቷ ከእጇ ወደቀ። ከዚያ በሳምንቱ ከፊተኛው ብሶ መጣ። እንጀራ ተወች፤ አጥሚት በግራ አፏ እየጠባች ዋለች። ፊቷን መታጠብ ተወች። ማውራት ተወች። በእኛ ቤት ዝምታ ሆነ፣ እኔ የምወደው ዝምታ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ዝምታን ወድጄ አላውቅም።

"ሐኪሙ ጋ እንደውል?" አለችኝ በጣቷ ምልክት፣ ግማሹን በቃል።

"ጊዜ ይፈልጋል ብሏል። ታገሺ።"

ታገሠች። አመነችኝ። አንድ ቀን ከጥግ ተቀምጣ፣ ጉንጯን ሳትነካ እጇን አጠገቡ በአየር ላይ ይዛ፣ የነገረችኝን ልንገራችሁ። "አፌ ነው ያመጣብኝ፣ ሙሉዬ። እግዚአብሔርን ማመስገን ሲገባኝ ኪኒን አመሰገንሁ። በየሰፈሩ ነጯ፣ ነጯ ስል ቀናብኝ።" ከዚያ እያቃሰተች ሰገደች። ላልሠራችው ኃጢአት። የሠራሁት እኔ ከአጠገቧ ቆሜ ሳያት።

ያኔ ካቡ ጋ መሄድ አልችልም ነበር? ሃያ እርምጃ ነው። ቆጥሬዋለሁ። ሄጄም አውቃለሁ፤ ድንጋዩን ነክቼ ተመልሻለሁ። ሽማግሌዎቹ ቃል ጨርሰዋል፣ ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል፤ አሁን ቢሻላት ደግሞ በሠርጉ ላይ ለአገሩ ሁሉ ነጯን ታሳያለች አልሁ። አሥራ አምስት ቀኑ ወር ሆነ። ወሩ ሁለት ሆነ። ሰው የገዛ ክፋቱን ይለምደዋል፤ ፈረስ ኮርቻውን እንደሚለምደው።

ጠበል ልግባ አለች። በታኅሣሥ ብርድ፣ ሣሩ ላይ አመዳይ ሳይለቅ፣ ይዣት ወረድሁ። ቀዝቃዛ ውሃ ፊቷን ሲነካ ምን እንደሚያደርጋት ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። አጥማቂው አያውቁም፤ እሷም ነገሩን ለፈጣሪ ትታዋለች። እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው። "ፊቴ ላይ ያድርጉት አባቴ" አለች። ውሃው ወረደ። እማዬ ጮኸች፣ እጄን ጨምቃ ያዘች። ሰዉ ጩኸቷን ሰምቶ "ሊለቅ ነው! ሊወጣ ነው!" አለ። እኔ እጇን ይዤ ዝም አልሁ። ሁለተኛ አፈሰሱባት። ዝም አልሁ። ሦስተኛ። ዝም። "አቁሙ" ለማለት አንድ ቃል ነበር የሚበቃኝ። በዳባቱ መስኮት ሦስት ቃል ፈርቼ ነበር፤ እዚህ አንዱን ፈራሁ።

እመኑኝ፣ ስለ ጠበሉ ክፉ መናገሬ አይደለም። ጠበሉ ምን አደረገ? ያጎደልሁት እኔ፣ የዋሸሁት እኔ።

ጥር ላይ ተዳርሁ። ሙሽራ ከቤት ስትወጣ እናቷ ጉንጭ ለጉንጭ ስማ ትሸኛታለች። ተራው ሲደርስ እማዬ ወደ እኔ ጎንበስ አለች፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመች። የእኔ ጉንጭ የእሷን እንዳይነካ ፈራች። እጇን ብቻ ራሴ ላይ ጫነችልኝ፤ ልትመርቀኝ አፏን ከፍታ፣ ሕመሙ መጥቶ ምርቃቱን አፏ ውስጥ አስቀረው። ሰው "እናት ለቅሶ አነቃት" አለ። ሳልመረቅ እንደወጣሁ የማውቀው እኔ ነበርሁ።

አዲሱ ደግ ሰው ነው። ቤቱም መልካም ነበር። በየካቲት አንድ ቀን ከጎተራው ገብስ ስዝቅ እጄ የሆነ ነገር ነካ። ፌስታል ነው። ውስጡ የወረቀት ከረጢት፤ በከረጢቱ ውስጥ ነጭ ኪኒኖች። ከእማዬ ነጠላ ጫፍ እንደማውቃቸው ያሉ። ከረጢቱ ላይ የተጻፈውን አነበብሁ። ካርባማዜፒን።

ቀና ስል እትዬ አንጓች በሩ ላይ ቆመዋል።

"ይህ… የአንቱ ነው?"

"የማን ይሁን ታዲያ? ከልጅነቴ ጀምሮ ይጥለኛል" አሉ፤ ቀስ ብለው ገብስ ጆንያ ላይ ተቀመጡ። "በእሱ ነው የቆምሁት። ከባሌና ከልጄ በቀር የሚያውቅ የለም። ምነው ደነገጥሽ? ዳባት አይተሽኝ የለ?"

"እኔ… ያን ቀን አንቱ ምን እንደሚወስዱ አላየሁም።"

"አዬ ልጄ! እኔማ ሁሉን አይቻለሁ። ሁልጊዜ በዚያ መስኮት ተከናንቤ፣ አንገቴን ደፍቼ ነው የምቆም። ሰውዬው ሲጮህብሽ አንቺ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አዎ አልሽ። ለእናቴ ነው አልሽኝ። በእናቷ ያላፈረች በእኔም አታፍርም ብዬ፣ ለአዲሱ 'ሌላ አትፈልግ፣ እሷን ነው' አልሁት። ቤታችሁ ስመጣ ደግሞ ምሥጢሯን ስትሸፍኝላት አየሁ። ፓራሲታሞል!" ብለው ሳቁ። እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አደረጉ። "እናትሽስ እንዴት ናት? ኪኒኑን ታገኛለች?"

"ታገኛለች" አልሁ።

በዚያ ኪኒን ምክንያት ነው የተመረጥሁት። ልደብቀው ብዬ እናቴን ያቃጠልሁበት ኪኒን ነው ለዚህ ቤት ያጨኝ።

በማግስቱ እናቴን ላይ ብዬ ደባርቅ ሄድሁ። መጀመሪያ ካቡ ጋ ነው የሄድሁት። ፌስታሉ ተቀዶ ውርጩና ጤዛው ገብቶበት፣ ኪኒኖቹ ሟሙተው የኖራ ጭቃ መስለዋል። በጣቴ ቆፍሬ አወጣሁት። ከዚያ እማዬን ይዤ ወደ ጎንደር ተሳፈርሁ።

ያ ወጣት ሐኪም ተዛውሯል አሉን። ሌላ ሐኪም፣ አንዲት ሴት፣ ተቀበለችን። መዝገቡን አገላብጣ፣ "ደህና ይዟት አልነበር? ለምን ተቋረጠ?" አለች።

"ያኛው ሐኪም ቀየረብኝ" አለች እማዬ፣ አፏን በእጇ ከልላ።

ሐኪሟ መዝገቡን አየች፣ እኔን አየች። እዚያ ላይ፣ ሰው በሌለበት ክፍል፣ ሰልፍ በሌለበት፣ ልናገር እችል ነበር። ምን አልሁ መሰላችሁ?

"ተሳስቶ ነበር" አልሁ።

 ሐኪሟ እንደገና በግማሽ ኪኒን አስጀመረቻት። በዚህኛው ጊዜ ቶሎ አልያዘላትም። መጠኑ ተጨመረ፣ ኋላም ማታ የሚወሰደው ተደረበላት። ቀስ ብሎ ለቀቃት። እንጀራ ትበላለች፣ ትፈትላለች፣ ፊቷን በሞቀ ውሃ ትታጠባለች። ቆሎ ግን በቀኟ አትቆረጥምም። ነጯንም በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ አትዞርም። ስለ ኪኒኑ ሰው ሲጠይቃት፣ "ዝም ይሻላል" ትላለች። አፏን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

አራት ዓመት ሆነ። እማዬ በየጧቱ ስትጸልይ፣ ከሙታኑና ከሕያዋኑ ስም በኋላ አንድ ሰው ትጨምራለች። "ያን ሐኪም ልጅ፣ አውቆ አይደለምና፣ አምላኬ ይቅር በለው።" ልጠይቃት ሄጄ ባደርሁ ቁጥር እሰማታለሁ። አጠገቧ ቆሜ አሜን እላለሁ። እሱ የትም ይሁን የት፣ ባልበደለው በደል ይቅር እየተባለ ይኖራል። የእኔ ስም ደግሞ በጸሎቷ ውስጥ በምስጋናው በኩል ነው፤ "በችግሬ ጊዜ ያልተለየችኝን ልጄን" ትላለች።

ይቅርታ አልጠይቃችሁም። እናንተን አልበደልሁም። ወጣት ነበርሁ፣ ፈሪ ነበርሁ፣ አገሩ እንዲህ ነው ማለት እችላለሁ፤ ሁሉም እውነት ነው፣ አንዱም ግን እጄን ይዞ ኪኒኑን ከላስቲክ አላወጣም። ያወጣሁት እኔ ነኝ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምርና ላብቃ። መናገር ስለማልችል ነው የምጽፈው ብያችሁ ነበር። እሱም ሙሉ እውነት አይደለም። እናቴ ማንበብ አትችልም። በፊደል የጻፍሁት ለዚህ ነው። ይህንንም ቁጠሩብኝ።